ለሉቃስ ያመጣሁት ውሃ

በዚያ ቤት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እህቴ ማርታ፣ መደቡ ላይ ተጋድማ። አማቷ አዬ ዶርቃ (አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው)፣ ከራስጌዋ። የባሏ አጎት ጋሼ ጳውሎስ፣ በሩ ሥር በርጩማ ላይ። ጎረቤታቸው አስቴር፣ ከማርታ ጎን ተንበርክካ። የባሏ ታናሽ እህት ታደለች፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ከግርጌ። እኔ ተስፋዬ፣ መሀል ወለሉ ላይ ቆሜ። ሰባተኛው ሕፃኑ ነው። የማርታ ባል ኢያሱ አልነበረም፤ አምቡላንስ ፍለጋ ወጥቶ ነበር።

ዝርዝሩን በወረቀት ያሰፈርኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ሶዶ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ላይ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከአንድ አሮጌ ማሽንና ገጾቹ ከተገነጠሉ አንድ መጽሐፍ ጋር ሁለት ዓመት ስታገል ነው የለመድኩት። ከዚያ የመጣ ይሁን ከተፈጥሮዬ፣ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ሌላ ሥራ አልጀምርም። ይህን ጠባዬን የሚያውቁት የሰበካችን ካህን፣ ብል የጀመራቸውን የጥምቀት መዝገቦች ተሸክመው መጡና «ሳይጠፉ ገልብጥልኝ» አሉኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የተጠመቀበት ቀን፣ አጥማቂ፣ ምስክሮች። ሦስት ቀን ሙሉ ስጽፍ ቆይቼ አንድ ረድፍ ላይ እጄ ቆመ። ሉቃስ ኢያሱ። የተወለደበትና የተጠመቀበት ቀን አንድ ነው። አጥማቂ በሚለው ሥር የእኔ ስም አለ። ምስክሮች በሚለው ሥር ምንም የለም።

«ይኼ አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ አባ፣ ከኋላዬ አጎንብሰው እያዩ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ማን ማን እንደነበረ ታውቃለህ። ሙላው።»

ሞላሁት። ከምስክሮቹ አንዷ ጴንጤ መሆኗን ስነግራቸው ሳቁና «ዓይን አላት አይደል?» አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ምስክር ማለት ያየ ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች ያን ቀን ምን እንዳዩ አንድም ቀን ጠይቄአቸው አላውቅም።

ያን ዓመት አሥራ ስምንት ሞልቶኝ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቄ እናታችን ቤት ያለ ሥራ ተቀምጬ ሳለ፣ ማርታ ከሁምቦ «ና፣ እርሻ አግዘን» ብላ ላከችብኝ። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ሲወረድ አየሩ በየኩርባው ይለዋወጣል፤ ሹራብ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ቆላው ላይ ሲወርድ ሹራቡን በክንዱ አንጠልጥሎ ነው። ወሩ የካቲት ነበር። ከአስፋልቱ ወዲያ በአህያ ጋሪ አንድ ሰዓት ያህል ይኬዳል፤ አቧራው ጥርስ መሀል ገብቶ ይንቀጫቀጫል። በግራም በቀኝም የደረቀ የበቆሎ አገዳ ነው። ዛፍ የሚታየው ከብት እንዳይገባበት በተከለለው ኮረብታ ላይ ብቻ ነበር።

በማርታ ቤት ቂጣውም በቆሎ፣ ንፍሮውም በቆሎ ነው። የሺፈራው ቅጠል ይቀቀልና በዳጣ ይበላል። የሚያቃጥለውን ዳጣ መፍጨት አዬ ዶርቃ ለማንም አይሰጡም ነበር፤ ራሳቸው ይፈጩታል፣ እኛ ደግሞ እያለቀስን እንበላዋለን። ማርታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ምሽት ምሽት ደጅ ተቀምጣ እግሯን ስትዘረጋ ማበጡን አይ ነበር። አይቼም ዝም እል ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ነገር እያየሁ ዝም እል ነበር።

ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል አለ። ከሥሩ በአንድ ምስማር ላይ መቁጠሪያና ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተንጠልጥለዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በፋሲካ ዋዜማ የሚባረከው ውሃ ነው፤ በአካባቢው ያለ ካቶሊክ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ቀድቶ ይወስድና ዓመቱን ሙሉ ያብቃቃዋል። አዬ ዶርቃ ግን ማብቃቃት የሚባል ነገር አያውቁም። ለዘር የተቀመጠውን በቆሎ ይረጩታል። ሰማይ ሲያጉረመርም ደጃፉን ይረጩታል። ሕፃን ሲቃዥ፣ ዶሮ ስትጠፋ፣ ሰው ረጅም መንገድ ሲነሳ ያው ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ላሚቱ መብላት አቁማ ስለነበር የቀረውን በሙሉ ጀርባዋ ላይ አፈሰሱላት። አስቴር አጥሩን ተደግፋ ታያቸው ነበር።

«አዬ፣ አጠመቋት እንዴ? ስሟን ማን አሏት? የክርስትና እናት ከጠፋ እኔ አለሁ።»

«አንቺ ጴንጤ፣ አፍሽን ያዢ! የእናንተ ፓስተር እጁን ቢጭንባት ትድናለች?»

«አትድንም፤ ግን ውሃችን አያልቅም።»

ሁለቱም ሳቁ። ጥቂት ቆይቶ አስቴር ከአዬ ዶርቃ ዳጣ ለምና ይዛ ሄደች። እንዲህ ነበር የሚኖሩት። ላሚቱ በሦስተኛው ቀን መብላት ጀመረች፤ ጠርሙሱ ግን ባዶውን ተመልሶ ምስማሩ ላይ ተሰቀለ።

እኔ የማነበው ሳጣ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አነብ ነበር። ካህን በሌለበት ሃይማኖት የሚያስተምረው ካቴኪስቱ ያዋሰኝ፣ ልባሱ የወለቀ፣ በጥያቄና መልስ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤው ነበር። ሰው ለሞት ሲቃረብ ካህን ባይኖር ማን ሊያጠምቅ ይችላል? ማንም። በምን ውሃ? በማንኛውም ውሃ፤ የዝናብ፣ የወንዝ፣ የጉድጓድ። መባረክ አያስፈልገውም። መልሱ በግራው ገጽ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር።

ምጡ የመጣው ሐሙስ ጠዋት፣ ማንም ሳያስበው ነው። ኢያሱ ስልክ ወደሚሠራበት ኮረብታ ሮጦ ደወለ፤ አምቡላንሷ ሌላ ወላድ ይዛ ሶዶ ወጥታለች አሉት። ስትመለስ ሊያገኛት ወደ አስፋልቱ ሄደ። ያዋለደቻት አስቴር ናት። ልጁ ሁለት እጄን ገጥሜ ብዘረጋ ከዚያ አያልፍም ነበር። ቆዳው ቀጭን፣ ከሥሩ ያሉት ደም ሥሮች የሚታዩ። አላለቀሰም። ትንፋሹ ይመጣል፣ ይቆማል፣ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን፣ ከዚያ ይመጣል። አስቴር ከማርታ ደረት ላይ አስተኝታ ሁለቱንም በነጠላ ጠቀለለቻቸው። «ገላሽ ላይ ይሁን፣ ሙቀት ነው የሚፈልገው» አለቻት። ታደለች ከነጠላው ውጭ የቀረችውን የልጁን አንዲት እግር በመዳፏ ያዘች።

ጋሼ ጳውሎስ የመጡት ያን ጊዜ ነው። አዩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይጠመቅ» አሉ። «ካቴኪስቱ ሶዶ ነው ያለው። ተስፋዬ፣ ቃሉን የምታውቀው አንተ ነህ።»

በዚያ ሰፈር ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን የሚቀበረው ከቤቱ ጓሮ፣ ሙዝ ሥር ነው። ስም አይወጣለትም። ደወል አይደወልለትም፣ ለቅሶም አይቀመጡለትም። ካህናቱ እንዲህ አድርጉ ብለው አይደለም፤ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ልማድ ነው። እናቲቱ ስንት ልጅ ወለድሽ ስትባል እሱን አትቆጥርም። ማርታ ይህን ታውቃለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

«ሉቃስ ይባል» አለች። «ሐኪም ነበረ ይላሉ።»

«ምን ትጠብቃለህ ታዲያ?» አለችኝ አስቴር። «ውሃው ይኸው!»

በአገጯ ጥጉን አሳየችኝ። ታደለች ማለዳ ከቦኖ የቀዳችው ቢጫ ጀሪካን እዚያ ቆሟል፤ አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። ከቆምኩበት ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።

«በዚህ?» አሉ አዬ ዶርቃ። «እግራችንን በምንታጠብበት? ሰው ነው እኮ፣ ጎመን አይደለም የሚታጠበው!»

«አዬ፣ ውሃ ውሃ ነው። እግዚአብሔር ጀሪካን አይንቅም።»

«ስለ እኛ ጥምቀት አንቺን ምን አገባሽ? እናንተ ሕፃን አታጠምቁም!»

«አናጠምቅም። ግን ይኼ ልጅ ክርክራችሁን እንደማይጠብቅ ይታየኛል።»

«ተዉ፣ ተዉ» አሉ ጋሼ ጳውሎስ። «ከቤተ ክርስቲያን ጋን ሥር የፋሲካው ውሃ አይጠፋም። ተስፋዬ ወጣት ነው፣ ሮጦ ይመጣል።»

ንግግሩ ሁሉ በወላይትኛ ነበር፤ እዚህ ያሰፈርኩት በተቻለኝ መጠን ሳላዛባ ነው። እኔ የተናገርኩት ግን ስለሌለ የማሰፍረው የለም። አፌን ከፈትኩ። የግራው ገጽ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር፣ ዓይኔ ፊት ነበር። አስቴር ያለችው እኛ ከምናምነው አንዲት ቃል አላፈነገጠም፤ ከሁላችንም ይልቅ ካቶሊክ የነበረችው ያን ሰዓት እሷ ነበረች። «ልክ ናት» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን በሽማግሌ ፊት፣ በአማት ፊት፣ ከጴንጤዋ ጎን መቆም ሆነብኝ። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ያን ጀሪካን አይቼ ቀፈፈኝ። ከተደረገ አይቀር ነገሩ ምንም ሳይጓደልበት በወጉ እንዲደረግ ፈለግሁ። ባዶውን ጠርሙስ ከምስማሩ ነጥቄ ወጣሁ።

ስሄድ ሮጫለሁ፤ በዚህ አልጠራጠርም። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። የደረቀውን ወንዝ አሸዋውን እየረገጥኩ ተሻገርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ተቆልፏል። ቁልፉ የካቴኪስቱ ሚስት ዘንድ ነው፤ እሷ ደግሞ ቦኖ ወረፋ ላይ ናት። ቦኖው ዘንድ ሮጥኩ። አብራኝ መጣች፤ እየተጣደፈች ቢሆንም ጀሪካኗን አደራ የምትሰጠው ሰው እስክታገኝ ቆመናል። በሩ ተከፈተ። ዓመት ሊሞላው የቀረበው የፋሲካ ውሃ ከጋኑ ሥር አንድ ጣት ያህል ነበር። ጋኑን አዘንብለን ቀዳሁ። ጠርሙሱ ግማሽ ሆነ።

ክዳን አልነበረውም። ክዳኑ ላሚቱ በተረጨች ቀን የት እንደገባ እንጃ።

ስመለስ አልሮጥኩም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሁለት እርምጃ ሮጥኩና ውሃው እጄ ላይ ተረጨ፤ ከዚያ በኋላ በእርምጃ ነው የሄድኩት። መዳፌን አፉ ላይ ከድኜ፣ ዓይኔን ውሃው ላይ ተክዬ። ከኋላዬ ባዶ የአህያ ጋሪ ደረሰብኝ፤ ነጂውን በመልክ አውቀዋለሁ።

«አንተ የሶዶ ልጅ፣ እንቁላል ነው እንዴ የተሸከምከው? ውጣ ላድርስህ!»

«አይ፣ ይንጠዋል» አልኩት። «ይደፋብኛል።»

ሳቀብኝና አለፈኝ። ጋሪው ወደ ማርታ ቤት በሚወስደው መንገድ እየራቀ፣ እያነሰ ሲሄድ አየሁት። አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም።

ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። በዚያ ቤት የሚሰማው የልጁ ትንፋሽና በትንፋሾቹ መሀል ያለው ዝምታ ነበር፤ ያኔ የሰማሁት የትኛውን እንደሆነ አላውቅም። አስቴር ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ጋሼ ጳውሎስ ቆመዋል። «ቶሎ በል» አሉኝ አዬ ዶርቃ፣ እየጮኹ አልነበረም፣ በሹክሹክታ። ለሚተነፍስ ልጅ ሰው ሹክ ይላል? ለሌላውስ? ይህን አሁንም አወጣለሁ አወርዳለሁ።

ተንበረከክሁ። ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር፤ ስሄድም ሰማያዊ ነበር። «ሉቃስ፣ እኔ በአብ…» ብዬ ግንባሩ ላይ አፈሰስኩ፤ «በወልድ…» ሁለተኛ፤ «በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» ሦስተኛ። ቃሉ አልተሳሳተም። ውሃው በጆሮው ላይ ወርዶ ማርታ ደረት ላይ ቆመ። ዓይኑን አልጨፈነም፣ አልገለጠም። ማርታ «አያችሁት? ተነፈሰ! አሁን ተነፈሰ!» አለች። ጋሼ ጳውሎስ «አሜን» አሉ። አዬ ዶርቃ መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አውጥተው ነጠላው ላይ አኖሩት። አስቴር ተነስታ ወጣች። አምቡላንሷ የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማርታን ብቻ ይዛ ሄደች።

ካቴኪስቱ ከሰዓት በኋላ ከሶዶ ተመለሰ። ደጁ ላይ ሆኖ መጠየቅ የሚገባውን ጠየቀ።

«ስታጠምቀው በሕይወት ነበር?»

ጋሼ ጳውሎስ ወደ እኔ ዞሩ። አዬ ዶርቃም ዞሩ። ታደለች መሬት መሬት ታያለች።

«አዎ» አልኩ። «ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ከዛፉ ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ በብረት ተመታለት፤ ደወላችን እሱ ነበር። ኢያሱ ራሱ የሠራትን ትንሽ ሣጥን በክንዱ ታቅፎ ሄደ። ሉቃስ በስሙ፣ ከአያቱ ጎን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥንለት። አስቴር ንፍሮ ቀቅላ አመጣች። ከእኔ ጋር ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳናወራ ሳምንት አለፈና ወደ ሶዶ ተመለስኩ።

ማርታ አሁን ሦስት ልጆች አሏት። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «አራት፣ አንዱ ሰማይ ነው» ትላለች። በየዓመቱ የሙታን መታሰቢያ ሲደርስ ሻማ ታበራለታለች፤ እኔን ስታገኘኝ ደግሞ ትከሻዬን ስማ «አንተ ባትደርስለት ኖሮ» ትለኛለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ጨርሳው አታውቅም፤ እኔም ጨርሼላት አላውቅም።

መዝገቡን በሞላሁ ዕለት አባን ጠየቅኋቸው፤ ሁሉን ሳልነግራቸው። «ሕፃኑ ውሃው ሳይደርስለት ሞቶ ቢሆንስ?» መነጽራቸውን እየፈለጉ «እግዚአብሔር ምሥጢራቱን ለእኛ ሰጠን እንጂ የራሱን እጅ አላሰረባቸውም» አሉኝ። አምናቸዋለሁ። ስለ ሉቃስ አልሰጋም፤ ያለው ከማንም የተሻለ ቦታ ነው። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ሦስት እርምጃ ላይ ውሃ ነበር። መልሱ በቃሌ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ባለማወቁ ተሳሳተ፤ አውቆ ዝም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚያም «አዎ ነበር» አልኩ፤ ያን ስል ውሸት መናገሬን ወይም እውነት መናገሬን አላውቅም ነበር፣ ዛሬም አላውቅም። ውሸት ከሆነ፣ እህቴ በየዓመቱ ሻማ የምታበራው እኔ በፈጠርኩት ነገር ላይ ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት በከንቱ ሸሽቻታለሁ።

በአማርኛ የምጽፈው ማርታ እንዳታነበው ነው፤ እሷ የምትጸልየውም የምታነበውም በወላይትኛ ነው። አዬ ዶርቃ አርፈዋል፤ ያዩትን ይዘው ሄደዋል። የቀራችሁት ግን ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ ካየሁት የጎደለውን ሙሉልኝ። ለማርታ ሳይሆን ለእኔ። ጋሼ ጳውሎስ፣ ቦዲቲ ልጅዎ ዘንድ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ አሜን ሲሉ ምን እያዩ ነበር? አስቴር፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ተነፈሰ? የወጣሽውስ ስለጨረስኩ ነው፣ ወይስ ማየት ስላልቻልሽ? ታደለች፣ ጉኑኖ ልጆች ወልደሽ እንደምትኖሪ አውቃለሁ፤ አንቺ ከሁላችንም ቅርብ ነበርሽ። ውሃውን ይዤ ስገባ እጅሽ እግሩ ላይ አልነበረም። የለቀቅሽው ለእኔ ቦታ ለመስጠት ነው? ስትለቂው ይሞቅ ነበር?